ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የተማሪ ቴክኒሻኖች ሥራ በመመሪያ ይታወቅ

ክቡራን የከፍተኛ ትምህርት ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ክፍል በማይኖረኝ ሰዓት የቪአር መነጽሮችና (ፊት ላይ ሲደረጉ ቪዲዮው ውስጥ የገባን የሚያስመስሉ) ዙሪያውን ሁሉ የሚቀርጹ ባለ 360 ዲግሪ ካሜራዎች ያሉበትን ቤተ ሙከራ ከጓደኞቼ ጋር እይዛለሁ። ሁሉም «ቴክኒሻን» ይለናል፤ ወረቀት ላይ ግን የለንም። የምለምናችሁም ይኼንኑ ሥራ በመመሪያ እንድታውቁት ነው።

የኛ አገር ብርድ የታወቀ ነው። ኅዳር ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት የወጣ መነጽር ሰው ፊት ላይ ሲደረግ ወዲያው ሌንሱ ጉም ይለብሳል። ስለዚህ ቀድመን አውጥተን ክፍሉን እስኪለምድ እናቆየዋለን። ሌንሱን የምንጠርገው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው፤ አልኮል ሽፋኑን ያበላሸዋል። ፊት የሚነካውን ስፖንጅ አንዱ አውልቆ ሌላው ሳያደርግ እናጸዳለን፣ የዓይን በሽታ እንዳይተላለፍ። ከሁሉ የምንፈራው ግን ፀሐይን ነው። መነጽሩ መስኮት ሥር ሌንሱ ወደ ውጭ ዞሮ ከተቀመጠ፣ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል። ለዚህ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የተቃጠለው ነጥብ ደግሞ አይመለስም።

ከዚያ ሰው ይገባል። በሁለቱ ዓይኖቹ መሃል ያለው ርቀት መስተካከል አለበት። የአዋቂ ሰው በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሰው ሰው ግን ይለያያል። ሳይስተካከል ከቀረ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ራስ ያማል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ስትመጣ ማሰሪያውን ቀስ ብለን እናላላለን። ምስሉ መንቀርፈፍ ከጀመረ ሰውን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ያኔ ቶሎ አውልቀን ወንበር እናቀርባለን። ማታ መብራት ከሄደማ ነገር አበቃ። መነጽሩ ባትሪ ቢኖረውም ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በራሱ ካሜራዎች ዙሪያውን እያየ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ካሜራዎቹ አያዩም።

አንድ ቀን ከገጠር ትምህርት ቤት ልጆች መጡ። የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራን የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈትንላቸው። አንዷ ጭላዳው አጠገቧ የተቀመጠ መስሏት እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ዞር ብላ ገደሉን ስታይ ወደ ኋላ ሸሸች። መምህራቸው «ነገ ስለ ጓሳ ሳስተምር ይኼን ነው የማነሳላቸው» አለ። አንኮበርንም እንዲሁ ቀርጾ ማስቀመጥ ይቻላል። ካሜራውን መያዝ የሚችሉ ልጆች አሉን።

ችግሩ ልጆቹ ይመረቃሉ። ጎበዙ ሲወጣ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይወጣል። አንዴ መነጽሮቹ የተከፈቱበት አካውንት በአንድ ተመራቂ ስልክ ቁጥር ተመዝግቦ ኖሮ፣ ልጁን ፍለጋ ስልክ ስንደውል ከረምን። ዕቃው ደግሞ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ የሚወጣው በአንድ መምህር ስም ነው። ቢሰበር የሚጠየቀው እሱ ነው። ፈርቶ ቆልፎ ቢያስቀምጠው አልፈርድበትም። ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ካርቶን ውስጥ ሲያረጅ ማየት ያንገበግባል። ባትሪም ባዶውን ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ይሞታል።

ስለዚህ የተማሪ ቴክኒሻን የሚባል መደብ ይኑር። ኃላፊነቱ ተጽፎ ይሰጠን፣ ዕቃውንም ከመምህሩ ጋር ፈርመን እንረከብ። የሠራንበት ሰዓት ከኢንተርንሺፕ ይቆጠርልን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም ይሰጠን። አቅም ከፈቀደ የኪስ ገንዘብ ቢታከልበት፣ ከቤቱ የሚላክለት ነገር የሌለው ልጅ ሥራውን ትቶ አይሄድም። ተመርቆ የሚወጣው ተማሪ አዲስ የሚገባውን ቢያንስ አንድ ሴሚስተር አብሮት እየሠራ ያስተምረው። አዲስ ዕቃ ሲገዛም መለዋወጫ ስፖንጅ፣ ባትሪና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ጨረታው ውስጥ ይግባ፤ በኋላ ለብቻው ይገዛ ሲባል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ።

ውሳኔው የዘንድሮ ተመራቂዎች ሳይወጡ ቢደርስልን፣ የሚያስረክቡት ሰው ያገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተማሪ ቴክኒሻን፣ ከሰሜን ሸዋ