ለ30ኛው ቀን የራሱን ሳጥን ስጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የእኛ ግቢ ሰርጉም፣ ተዝካሩም፣ ኒካሁም፣ የእድሩ ስብሰባም ኮሙናሉ ውስጥ ነው። ተራ የሚያዘው በሩ ላይ በተሰቀለው የግድግዳ ካላንደር ነበር። ካላንደር ለሚያሳትሙ ድርጅቶች በጋዜጣችሁ በኩል አንድ ነገር ላሳስብ።

ሳምንቱ ከእሁድ በሚጀምር ካላንደር ላይ ወሩ ቅዳሜ ከገባ 30ውን ቀን ለማስፈር ስድስት ረድፍ ያስፈልጋል። በሩ ላይ የነበረው ግን አምስት ብቻ ስለነበረው 23ንና 30ን በአንድ ሳጥን አጣብቋቸዋል። ሁለቱም እሁድ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የሚሻማበት ቀን! ጥቅምት 2018 እንዲህ ነበር። አንዱ ቤተሰብ ለ23 ብሎ እዚያች ሳጥን ውስጥ «ተይዟል» ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ የተያዘው 30 ነው ብሎ ለጊዮርጊስ ዕለት ዘመድ ጠራ። በዕለቱ ድስትና ወንበር የጫኑ ሁለት መኪናዎች በር ላይ ተፋጠጡ። የአንደኛው ቤት ጉዳይ የአባታቸው አርባ ነበር። ሐዘንተኛን እንዲህ ማንገላታት ነውር ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሳችንን ሰሌዳ ሠርተናል። ሰው ካላንደር ጋ የሚመጣው ባዶ ቀን ፍለጋ ስለሆነ ባዶው ከደረጃው ላይ ሆነው እንኳ መለየት አለበት። እያንዳንዱን ሳጥን ለሁለት ከፈልነው፤ ላይኛው ከሰዓት በፊት፣ ታችኛው ከሰዓት በኋላ። የተያዘው በሰማያዊ ሰያፍ መስመር ይሞላል፣ ያልተያዘው ነጭ ይቀራል። ቀዩን ለበዓላት ተውነው፤ ሁላችንም ቀይ ቁጥር በዓል ነው እያልን ነው ያደግነው። መስመሩ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ለማይለዩ ጎረቤቶቻችን ጠቅሟል። ዒድ ጨረቃ እስክትታይ ድረስ ሁለቱን ቀን በነጠብጣብ ይዘን እንቆያለን። የፈረንጁ ቀን ከጥግ በትንሹ አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቲኬቱን በእሱ ነውና የሚቆርጠው። ሰዓቱ ግን በእኛው አቆጣጠር ብቻ ነው፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል።

ሰሌዳ መሥራት ያልቻለ ግቢ፣ ማኅበርና እድር ግን ዛሬም የሚጠቀመው በድርጅቶች ካላንደር ነው። የ2019 ጥር ቅዳሜ ነው የሚገባው። የሰርግ ወር ነው፣ 23ም 30ም እሁድ ናቸው። ዓርማና ማስታወቂያ ግማሽ ገጽ በያዘበት ወረቀት ላይ ለአንድ ረድፍ ቦታ ጠፋ ቢባል አልቀበልም። ዓርማውን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ስድስተኛውን ረድፍ ጨምሩልን፤ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት።

ከአክብሮት ጋር
የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ