ለወላጆች፦ «አመሰግናለሁ በል» ካልን በኋላ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፈተናም ስለ ክፍያም አይደለም፤ ስለ ምስጋና ነው።

ልጅ ስጦታ ሲቀበል ሁላችንም «አመሰግናለሁ በላ!» እንላለን። እሱም ዓይኑን ከስጦታው ሳይነቅል «አመሰግናለሁ» ብሎ ይሮጣል። ሥነ ሥርዓቱ ጥሩ ነው፣ አይቅር። ምስጋና የሚጀምረው ግን ልጁ ከስጦታው አልፎ ሰጪውን ማየት ሲችል ነው። ማን አደረገልኝ? ለእኔ ሲል ምን ተወ? ግዴታ ነበረበት?

ስለዚህ ማታ «ትምህርት እንዴት ነበር?» ከማለት (መልሱ «ጥሩ» እንደሆነ እናውቃለን) «ዛሬ ማን ረዳሽ?» ብላችሁ ሞክሩ። «ማንም» ካለች አትቆጡ። «እርሳስ ያዋሰሽ የለም? ቦታ የያዘልሽስ?» እያላችሁ ቀለል አድርጋችሁ ቀጥሉ። ትንሽ አስባ «አዎ፣ አንዷ ላጲሷን ሰጥታኛለች» ትላለች። ቀጥላ «እሷም እኮ ሌላ አልነበራትም» ካለች፣ ነገሩ ገብቷታል።

መጻፍ ለሚወዱ ልጆች ማስታወሻ ደብተር ይረዳል። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለ10 ሳምንታት፣ በሳምንት አንዴ፣ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች ጻፉ። ያስመረራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው ጥሩ ተሰማቸው። ልብ በሉ፣ በሳምንት አንዴ ነው። በየቀኑ ካስገደድናቸው ሌላ የቤት ሥራ ይሆንና «ቤተሰቤ፣ ጤናዬ፣ ጓደኞቼ» እየተባለ ይገለበጣል። አንድ ነገር ይበቃል፤ ብቻ በዝርዝር ይጻፍ።

«ምን ብዬ ላመስግን? ያሳፍራል» የሚል ልጅም ይኖራችኋል። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የምስጋና ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ተቀባዩ ምቾት ይነሳዋል ብለው አብዝተው ሰግተው ነበር። ተቀባዮቹ ግን ከተገመተው በላይ ደስ ብሏቸዋል። ሦስት መስመር ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። እባካችሁ ፊደሉን አታርሙ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጁ ሲከፋው «ስንቱ የሚበላው አጥቷል፣ አንተ ተመስገን በል» አትበሉት። እንዲህ ሲባል የሚማረው ዝም ማለትን ነው። መጀመሪያ አድምጡት፤ ምስጋናው ሌላ ቀን ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ ልጆች የሚቀዱት እኛን ነው። ባልና ሚስት «ዕቃውን ስላጠብሽልኝ፣ ስላጠብክልኝ አመሰግናለሁ» ሲባባሉ ይሰማሉ። ጠዋት ልጅ ስታደርሱ በር ላይ ያሉትን ጥበቃ በስማቸው ጠርታችሁ ብታመሰግኑ፣ እጃችሁን ይዞ የቆመው ልጅ ያያል።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችን ለመረጡት ሰው አጭር የምስጋና ማስታወሻ ይጽፋሉ። ማርክ የለውም። ለእናንተ የተጻፈ ከመጣ ልጁ ባለበት አንብቡት። ፎቶ አንስታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ልጁን አስፈቅዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር