ኦኬ

ሙሉዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተውኩት አትጠይቂኝ። ስንገናኝ እንደምታስከፍዪኝ አውቃለሁ፣ ለዛሬ እለፊኝ። የእማማን ደህንነት ከእህትሽ እሰማለሁ።

የልጄ ነገር ነው ያስጨነቀኝ። ቁመቷ በልጦኛል፣ ወሬዋ ግን አንድ ቃል ሆኗል፦ ኦኬ። ትምህርት እንዴት ዋለ? ኦኬ። ሽሮው ጣፈጠሽ? ኦኬ። ስቆጣትም ኦኬ። እሺ ማለቷ ይሁን ደህና ነኝ፣ "ምንም አይል" ይሁን "ተይኝ በቃ" ከድምጿ ካልገመትኩ በቀር አላውቅም። በስልክ ስትጽፍልኝማ ኦውን ጥላ ኬዋን ብቻ ነው። ያቺ ኩርፊያ ናት አሉኝ!

በቀደም አስተማሪዋ የአንድ ቃል አመጣጥ አጥንታችሁ አቅርቡ ቢላቸው የቱን መረጠች? ያንኑ! ሽንኩርት እየከተፍኩ አጠገቤ ቆማ ስታስረዳኝ አመሸች። እንደ ፈረንጆቹ በ1839 የቦስተን ጋዜጠኞች ቃላትን ሆን ብለው አበላሽተው መጻፍና በመነሻ ፊደላቸው ማሳጠር ይዟቸው ነበር አሉ። "ኦል ኮሬክት"፣ ሁሉም ትክክል፣ በኤ እና በሲ መጀመር ሲገባው በኦ እና በኬ አሳጠሩትና ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ ወጣ። ትክክል የሚለው ራሱ ስህተት መሆኑ ነው ቀልዱ። እኔ ዘግይቶ ነው የገባኝ፣ እሷ በእኔ ሳቀች። መሰሎቹ ቀልዶች ጠፉ፣ ይሄን ያተረፈው የ1840 ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን በኒውዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ ነውና ደጋፊዎቹ "ኦልድ ኪንደርሁክ" እያሉ ኦኬን መፈክር አደረጉት። እሱ ተሸነፈ፣ ቃሉ ግን ይኸው እኔ ቤት ገብቷል።

እንዲህ የምታወራ ልጅ እንዳለችኝ ረስቼው ነበር። አቅርባ ስትመለስ "እንዴት ነበር?" አልኳት። ኦኬ።

ሙሉ… ለማንም አላልኩም። መታጠቢያ ቤት ውሃ ከፍታ ስታለቅስ የሰማሁ መሰለኝ። በሩን ላንኳኳ እጄን አንስቼ መለስኩት። ላንቺ ትናገር ይሆናል፣ አንቺ እናቷ አይደለሽማ።

እሁድ ደውዪላት፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። "ትምህርት እንዴት ነው?" እንዳትያት፣ አለቀልሽ። ከክፍል ጠፍተን ሲኒማ የገባን ቀን የሆነውን ንገሪያት። የእኔን ማልቀስ መጨመር ትችያለሽ፣ ያንቺን ግን እንዳትደብቂ፣ ኋላ እጠይቃታለሁ።

ያንቺው
አስቱ