ድግግሞሽ ሁሉ አያረጋጋም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ኦቲዝምና ስለ ሚኒማሊስት ሙዚቃ (አጫጭር ሐረጎችን እየደጋገመ በዝግታ ስለሚለዋውጥ የሙዚቃ ስልት) ባወጣችሁት ጽሑፍ «ድግግሞሹ ያረጋጋቸዋል» መባሉ ከእውነት ባይርቅም፣ ኦቲዝም ያለብኝ አድማጭ እንደመሆኔ ነገሩ በዚህ ብቻ መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። የዚህ ስልት ደራሲ የሆነው አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ እ.ኤ.አ. በ1967 በደረሰው «ፒያኖ ፌዝ» (Piano Phase) ሁለት ተጫዋቾች 12 ኖታ ያለው አንድ ሐረግ አብረው ይደጋግሙና፣ አንደኛው በጥቂት በጥቂቱ እየፈጠነ ሌላውን በአንድ ኖታ ይቀድማል። እኔን የሚይዘኝ ይህ መንሸራተት ነው፤ ሁለቱ ፒያኖዎች ሲተላለፉ ድምፁ እንደ ጠጠር ተበታትኖ እንደገና ይገጥማል፤ ለውጡ ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሜ ስለማውቅም ጆሮዬ ሳይደነግጥ ይከተለዋል። ሌሎች አሰልቺ የሚሉት ክፍል ለእኔ ብዙ ነገር የሚካሄድበት ነው።

ይሁን እንጂ የዚሁ ሰው «ፎር ኦርጋንስ» (Four Organs) በተባለው ሥራ ውስጥ ማራካሱ፣ ማለትም ሲነቀነቅ የሚንሿሿው መሣሪያ፣ ያለማቋረጥ ስለሚንሿሿ እስከ መጨረሻው ልታገሠው አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ከኦቲዝም መለያዎች መካከል ለድምፅና ለመሰል ነገሮች ከልክ በላይ መነካትንም፣ እጅግ ጥቂት መነካትንም አስፍሯል። ስለዚህ ሙዚቃውን ለአንድ ሰው ስትከፍቱለት ማጥፊያውን በእጁ ስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ