ቬሎሲራፕተር ላባ ነበረው፣ ስዕሉ ይስተካከል

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በልጆች ዓምዳችሁ ላይ ያወጣችሁት ቬሎሲራፕተር የተባለው ሥጋ በል ዳይኖሰር ስዕል፣ እውነቱን ለመናገር፣ አናዶኛል። ጽሑፉ ደህና ነው፣ ልጅ አንብቦ ይገባዋል። ስዕሉ ግን በቀጥታ ከፊልም የተቀዳ ነው የሚመስለው፤ ቆዳው የአዞ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ጥርሱን ያገጠጠ አውሬ። እኔ እዚህ ባሕር ዳር የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብን እረዳለሁ። ልጆቹ ከጋዜጣችሁ እየቆረጡ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እውነተኛው ቬሎሲራፕተር ትንሽ ነው። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ 2 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ እሱም አብዛኛው ጭራ ነው። ዳሌው ጋ ሲለካ ግማሽ ሜትር አካባቢ ነበር፤ ማለትም አዋቂ ሰው ጉልበት ድረስ። ክብደቱም ከአንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ አይበልጥም። የኖረው ዛሬ የጎቢ በረሃ በሚባለው የሞንጎሊያ ምድር ነው፣ ከ75 እስከ 71 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት። አጥንቱን በ1923 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አሳሾች አገኙት፣ በዓመቱ የሙዚየሙ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ኦዝቦርን ስም አወጣለት።

ላባውን ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ላባ ቶሎ ይበሰብሳል፣ በጎቢ አሸዋ ውስጥም አልቆየም። ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የአንዱን ቬሎሲራፕተር የክንድ አጥንት አተኩረው ሲያዩ በመስመር የተደረደሩ ስድስት ትናንሽ ጉብታዎች አገኙ። እንዲህ ያሉ ጉብታዎች ዛሬም በብዙ ወፎች የክንፍ አጥንት ላይ አሉ፤ ትልልቆቹ ላባዎች የሚተከሉት እዚያ ላይ ነው። አለቀ፣ ከዚህ በኋላ ራቁቱን መሳል አይቻልም። መብረር ግን አይችልም ነበር፣ ለአካሉ ክንዱ አጭር ነው። ታዲያ ላባው ምን ይሠራለታል? ሙቀት ይይዝለታል፣ ምናልባትም እንቁላሉን ያቅፍበታል፣ ለጓደኞቹም ያጌጥበታል።

ልጆች በጣም የሚወዱት ጥፍሩን ነው። በሁለቱም እግሮቹ ሁለተኛ ጣት ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ከ6 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ጥፍር አለው፤ ሲራመድ እንዳይደንዝ ከመሬት አንስቶ ነው የሚይዘው። ሆድ የሚዘነጥልበት ነው ሲባል ኖሯል። አሁን ግን ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ያደነውን እላዩ ላይ ቆሞ በጥፍሩ ጨምድዶ የሚይዝበት ነው ወደሚለው ያደላሉ። የጣና ዳር ልጅ ይሄን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ዓሣ አዳኙ ንስር ውሃው ላይ ወርዶ ዓሣውን እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው በዓይኑ አይቷል።

ደግሞ አንድ የሚገርም ቅሪተ አካል አለ፣ እሱን ብትጽፉት ኖሮ ከዚያ ስዕል መቶ ጊዜ በተሻለ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. የፖላንድና የሞንጎሊያ አሳሾች ሁለት እንስሳት እንደተናነቁ የሞቱበትን አገኙ። አንዱ ቬሎሲራፕተር፣ ሌላው ፕሮቶሴራቶፕስ የሚባል ሣር በል ዳይኖሰር። ቬሎሲራፕተሩ የእግሩን ጥፍር ወደ ሌላው አንገት ሰንዝሯል፣ ፕሮቶሴራቶፕሱ ደግሞ የቬሎሲራፕተሩን ቀኝ ክንድ በመንቁሩ ነክሶ ይዟል። በዚያው ቅጽበት አሸዋ ተንዶባቸው ይመስላል፣ እስከዛሬ አልተላቀቁም። ይህን ስነግራቸው ክበቡ ውስጥ ትንፍሽ የሚል ልጅ አይኖርም (ከዚያ በኋላ ግን ማን ያሸንፍ ነበር በሚለው ሲጨቃጨቁ ማስቆም አይቻልም)።

«ዳይኖሰሮች ጨርሰው ጠፉ» የሚለውንም አርሙልን። ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ብዙዎቹ ጠፍተዋል፣ ራሳቸው ከዳይኖሰር ወገን የሆኑት ወፎች ግን ተርፈዋል። ልጆቹ እቤታቸው የዶሮ እግር ይዩ፤ ቅርፊቱን፣ ወደፊት የተዘረጉትን ሦስት ጣቶች፣ ጥፍሩን። ዶሮ ወጥ ሲበላም ሹካ የምትመስለዋን የደረት አጥንት ይፈልጓት፣ ቬሎሲራፕተርም እሷው ነበረችው።

እኛ ጋስ ነበሩ ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ እኔንም ጠይቀውኛል። ባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ ዳይኖሰሮቹ ከጠፉ በኋላ ብዙ ቆይቶ የፈሰሰ፤ ስለዚህ እዚህ ቢቆፍሩ አያገኙም። ዓባይ ግን ወደታች ሲወርድ ሸለቆውን ጠርቦ አሮጌውን አለት አውጥቶታል። የዓባይ ገባር በሆነው በሙገር ሸለቆ የሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጥርስ ተገኝቷል። ዘመናቸው ከቬሎሲራፕተር እጅግ የቀደመ ነው፣ ቢሆንም የኛው አገር ናቸውና አንድ ገጽ አይበዛባቸውም።

ስዕሉን እንደገና ስታወጡት ላባ አልብሱት። ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ ሲኖሳውሮፕተሪክስን ጨምሩበት። በ1996 እ.ኤ.አ. ከቻይና ሊያኦኒንግ ይፋ የሆነ፣ 1 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው፤ የአንዱ ሆድ ውስጥ የበላው እንሽላሊት ሳይቀር ተገኝቷል። ላባው ውስጥ ከቀረው ምልክት ተነስተው በ2010 እ.ኤ.አ. ቀለሙን እንኳ አውቀውታል፤ ጭራው ቀላ ያለ ቡናማና ነጭ ቀለበት ነበረው። ባዶ ስዕሉን ብታወጡልን ልጆቹ ራሳቸው ይቀቡታል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር