ክኒኑ እናትየዋን ትል እንደማይገድል ይነገር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኦንኮሰርኪያሲስ፣ ማለትም ቆዳን ስለሚያሳክከውና ዓይን ስለሚያሳውረው የትል በሽታ፣ ባወጣችሁት ጽሑፍ አይቨርሜክቲን በአንድ ጊዜ ከበሽታው የሚፈውስ ክኒን ሆኖ ቀርቧል። መድኃኒቱ ምስጋና ይገባዋል፤ ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት የተሸለሙትም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን «ይፈውሳል» ብሎ ማቆም በሽተኛውን ይጎዳል። ክኒኑን የዋጠ ሰው ከወራት በኋላ ማሳከኩ ሲመለስበት መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደመድማል፤ በቀጣዩ እደላም አይገኝም።

በጥቁር ዝንብ ንክሻ የገባው ትል አድጎ ከቆዳ ሥር እባጭ ውስጥ ይሰፍራል። እንስቷ እዚያው ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፤ ዕድሜዋን ሙሉም እጅግ ብዙ እጮችን ትለቃለች። ቆዳን የሚያሳክኩት፣ የሚያሻክሩትና መልኩን የሚያዥጎረጉሩት፣ ወደ ዓይን ሲገቡም ብርሃን የሚነሱት እነዚህ እጮች ናቸው። አይቨርሜክቲን እጮቹን ሽባ አድርጎ ያስወግዳል፤ እንስቷም ለወራት አዲስ እጭ እንዳትለቅ ይገታታል። እሷን ግን አይገድላትም። ክኒኑ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከ10 ዓመት በላይ የሚታደለው ትሏ አርጅታ እስክትሞት ድረስ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የማሳከኩ መመለስ አያስደነግጠውም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣውንም ጽሑፋችሁ ዘሎታል። ማሳከኩ ሊብስ፣ ፊት ሊያብጥ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊከተል ይችላል። በአብዛኛው ይህ እጮቹ ሲሞቱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይታገሣል፤ ያልተነገረው ተመረዝሁ ብሎ ይሸሻል፣ እኔም አልፈርድበትም። እውነተኛ አደጋ ያለው ሎአ ሎአ የተባለው ሌላ ትል በደማቸው ውስጥ እጅግ በበዛባቸው ሰዎች ላይ ነው። እነሱ ክኒኑን ቢወስዱ አንጎላቸው በጽኑ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያ ትል በሚገኝባቸው የመካከለኛው አፍሪካ አካባቢዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

እናትየዋን ትል የሚያጠቃ መድኃኒትም አለ፤ ጽሑፋችሁ አለማንሣቱ አሳዝኖኛል። ዶክሲሳይክሊን በትሏ ሰውነት ውስጥ የሚኖሩትን ወልባኪያ የተባሉ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ትሏ ያለ እነሱ መራባት ስለማትችል ትመክናለች፣ ቀስ በቀስም ትሞታለች። ነገር ግን በየቀኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት መወሰድ አለበት፤ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናትም አይሰጥም። ስለዚህ ለመላው ሕዝብ ማደል አዳጋች ነው። በሐኪም ክትትል ሥር ላለ፣ ዳግመኛም ለዝንቡ ለማይጋለጥ በሽተኛ ግን ትልቅ ተስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ሞክሲዴክቲን የእጮቹን ቁጥር ከአይቨርሜክቲን ይልቅ ለረጅም ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያቆያል፤ እሱም ቢሆን እናትየዋን አይገድልም።

ብዙ ዓመት መዋጥ አለበት ማለት ሕዝቡን ተስፋ ያስቆርጣል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ሜክሲኮና ጓቲማላ ክኒኑን ለዓመታት ሳያቋርጡ በማደላቸው በሽታውን ማጥፋታቸው ከ2013 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጧል። እዚያ ክኒኑን የዋጡት ሰዎች ከሌላው የተለየ ትዕግሥት አልነበራቸውም።

በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። በዚያውም ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን ለሰው እንደማይሆን፣ የሰው ልክ በክብደት ወይም በቁመት ተለክቶ እንደሚሰጥ ብትጨምሩበት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ