የርቀት ትምህርት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ደወል በሌለበት መማር

የክበባችንን ስም የሰማ ሁሉ ኮምፒውተር የምናስተምር ይመስለዋል። ኮምፒውተሩንስ ልጆቹ ከእኔ ይበልጣሉ። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ደወል በማይደወልበት፣ ስም የሚጠራ መምህር በሌለበት፣ የጀመሩትን ኮርስ እንዴት ይጨርሱታል? ዓመቱን ሙሉ የታገልነው ከዚህ ጋር ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሃርቫርድና ኤምአይቲ የተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማንም ክፍት ባደረጓቸው የኢንተርኔት ኮርሶች ላይ የተሠራ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። በ2017/18 ከተመዘገቡት ውስጥ የጨረሱት ከመቶ 4 እንኳ አይሞሉም። ለሰርተፊኬት ከከፈሉት ግን ግማሽ ገደማ ጨርሰዋል። ይህን ሳነብላቸው አንዷ አባላችን «ታዲያ የሚያስጨርሰው ገንዘብ ነው ማለት ነዋ!» አለች። ክርክሩ ጦፈ። «የከፈለውማ ቀድሞም አስቦበት የገባ ነው» ያሉት አሸነፉ። እኔም የእነሱ ወገን ነኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሠራነው ምዝገባን ማዘግየት ነው። ማንም አባል ከመመዝገቡ በፊት የኮርሱን መግለጫ እስከ መጨረሻው ያነባል። በሳምንት ስንት ሰዓት ይፈልጋል? አስቀድሞ ምን ማወቅ ይጠይቃል? አሳይመንቱ መቼ መቼ ነው፣ ፈተናውስ በአካል ነው ወይስ በኦንላይን? ይህን ጽፎ ያሳየናል። አንዳንዱ እዚሁ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ይቀይር! ገብቶ ከማቋረጥ ይሻላል።

ቀጥሎ የጥናት ፕሮግራም መጣ። ፕሮግራም ማውጣት የማይወድ ልጅ የለም። በቀለም ያሸበረቀ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በ2020 የታተመ ሌላ ሰፊ ጥናትም ይህንኑ ይላል። መቼና የት እንደሚያጠኑ ማስጻፍ ተማሪዎችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያነቃቃል እንጂ እስከ መጨረሻው አያደርስም።

እኛም ሰንጠረዡን ሳንጥል አባላቱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማገናኘት ጨመርንበት። ጥንዶቹ በየሳምንቱ ሲገናኙ «እንዴት እየሄደ ነው?» መባባል የለም፤ መልሱ ሁሌም «አሪፍ ነው» ነዋ። ይልቅስ «ደብተርህን ዝጋና ያለፈውን ምዕራፍ ንገረኝ» ይባባላሉ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ደጋግሞ ያነበበ ሰው ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢጠየቅ የተሻለ ያስታውሳል። ከሳምንት በኋላ ግን የሚበልጠው ሳያይ ራሱን የፈተነው ነው። ሞጁሉን በማርከር ቢጫ ማድረግ ለሚወዱ ልጆቻችን ይህ መራራ ዜና ነበር።

ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን የጥያቄ አጻጻፍ ልምምዱ ነው። ክፍል ውስጥ ፊትህ ሲጨፈገግ መምህሩ ያይሃል። በርቀት ትምህርት የሚያይህ የለም፤ ያልጻፍከውን ማንም አያውቅልህም። አንድ የሒሳብ ኮርስ የሚወስድ ልጅ ለአስጠኚው «ምዕራፍ 3 አልገባኝም፣ እባክዎ ይርዱኝ» ብሎ ላከ። ቀናት ቆይቶ የመጣለት መልስ «የቱ ጋ?» የሚል ነው።

ጥያቄውን ክበቡ ውስጥ አብረን እንደገና ጻፍነው። የት ደረስክ? ምን ሞከርክ? ምን አገኘህ? ምን ጠበቅክ? ልጁ እንዲህ ጻፈ፦ «ኤክስ ስኩዌር እኩል ይሆናል 5 ኤክስ የሚለውን እየሠራሁ ነው። ሁለቱንም ወገን ለኤክስ አካፍዬ 5 አገኘሁ። መልሱ ግን 0 እና 5 ይላል። 0 ከየት መጣ?» ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዝም አለ። «ቆይ፣ ኤክስ ራሱ 0 ቢሆንስ? በ0 አካፍያለሁ ማለት እኮ ነው!» ኢሜይሉ ሳይላክ ቀረ።

የቀረው የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ኮኔክሽን በሚኖርበት ሰዓት ትምህርቱን ዳውንሎድ ማድረግ፣ አሳይመንትን ከመጨረሻው ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት፣ መግባቱን የሚያሳየውን መልእክት ማስቀመጥ። እዚህ ላይ አሁንም ደካሞች ነን። ሌሊት ላይ ካልሆነ የማይልክ ልጅ አይጠፋም።

በመጪው ዓመት የጥያቄ አጻጻፉን ከመጀመሪያው ሳምንት እንጀምራለን። ኮርስ ያቋረጡትም ከጥንዳቸው አይለዩም፤ ጠያቂ ሆነው ይቀጥላሉ። አዲስ መግባት የሚፈልግ ሊወስድ ያሰበውን ኮርስ መግለጫ ይዞ ይምጣ፤ አንብቦት ቢመጣ ደግሞ ጊዜ እንቆጥባለን።